ከጅሬን ወደ ታች ይዩ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሐሙስ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቼን ይዤ ጅሬን ወጣሁ። ከጅማ መሀል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፎቶ አነሱና «በቃ እንውረድ» አሉ። ኧረ ቆዩ እንጂ!

ኮረብታው ራሱ እኮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር መቀመጫቸው እዚህ ነበር። ታች ሜዳው ላይ የሂርማታ ገበያ ይቆም ነበር፤ የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ሐሙስ ዛሬም የጅማ ገበያ ቀን ነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ይህን የሚነግር አንድ ሰሌዳ ቢተከል ምን አለበት?

ሌላው የእንጨቱ ነገር ነው። ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሥራ መሆኑን ማን ይዘነጋል? አንድ ጎረምሳ ግን ምሰሶውን በቁልፍ እየፋቀ የፍቅረኛውን ስም ሲጽፍ አገኘሁት። «ተው ልጄ» ስለው፣ «ምን አለበት አባባ፣ ትንሽ እኮ ነው» አለኝ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወረደ። ሁለቱ ፊደላት ግን እዚያው ቀርተዋል።

አክባሪያችሁ፣
ከጅማ