ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይመረጥም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ ወላጅ ምን ያህል ጣልቃ ይግባ በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ካነበብሁ በኋላ፣ ዘንድሮ በእኛ ቤት የሆነውን ባካፍል ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም ይሆናል በማለት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ጆርጅታውንም ኢንዲያና ያለው ኖትር ዴምም ተቀበሏት፤ ሁለቱም ስመ ጥር የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሆኑ፣ ቁርጡን የምናሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ነበር።

ደስታችን ሳምንት ሳይሞላው ወደ ክርክር ተለወጠ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝና፣ ጆርጅታውን የኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) መሆኑን ስሰማ ትዝ ያለኝ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን ሳቀብኝ። እሱ የተማረበትን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት፣ ኋላም በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት የዚያው ማኅበር ካህን እንደነበሩ አስታወሰኝ። ኖትር ዴምን በ1842 የመሠረቱት ደግሞ ከፈረንሳይ የመጡ የቅዱስ መስቀል ማኅበር ካህን ናቸው። ሁለቱም ተማሪው ሁሉ ሥነ መለኮትና ፍልስፍና እንዲማር ይጠይቃሉ እንጂ ካቶሊክ ሁን አይሉም፤ የሃይማኖቱ ነገር በዚሁ ተዘጋ።

የከበደን ርቀቱ ነው። እናቷና እኔ በልባችን ጆርጅታውንን መርጠን ጨርሰን ነበር። ምክንያታችን በ1789 መመሥረቱ ወይም ከ1919 ጀምሮ ዲፕሎማቶችን ሲያፈራ የኖረው የውጭ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ አልነበረም። ከቤታችን ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚርቅ ነው እንጂ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምሳ ትመጣለች፣ ታናሽ ወንድሟን ታስጠናለች፣ ኢንሹራንስ ስንደውል ታስተረጉምልናለች ብለን አስልተን ነበር። ይህን ሁሉ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው አፈርሁ፤ ከዘረዘርኋቸው ውስጥ ስለ ትምህርቷ የሚናገር አንድም አልነበረም።

ልጃችን ስለ ዓባይ ሲወራ እየሰማች ያደገች ናት፤ መማር የምትፈልገውም የውሃን ነገር ነው። ሆኖም ውሃን በድርድር ጠረጴዛ በኩል መማር አለ፣ በግድብና በቦይ በኩል መማርም አለ። ለፊተኛው ጆርጅታውን ወደር የለውም፤ ዲፕሎማት ልሁን የሚል ልጅ ቢኖረኝ ኢንዲያና ድረስ ምን ይወስድሃል እለው ነበር። የምህንድስና ኮሌጅ ግን የለውም፣ ኖትር ዴም ግን አለው። ይህን በቤታችን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ የጠየቃትም አልነበረም።

በአፕሪል መጀመሪያ አሥር ሰዓት ያህል ነድተን ኖትር ዴምን አየነው። ብርዱ ከሜሪላንዱ የባሰ ነበር። የሴቶቹና የወንዶቹ መኖሪያ ለየብቻ መሆኑና በየመኖሪያው የጸሎት ቤት መኖሩ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ልጄ ግን ፊቴን አይታ ከመሳቅ በቀር አልተናገረችም። በ1896 በፈረንሳይ ሉርድ ባለው የእመቤታችን ዋሻ አምሳያ ወደተሠራው ዋሻ ስንደርስ እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ሻማ ለኮሰችና፣ ድንጋዩን በእጇ እየዳሰሰች፣ «እመቤቴ እዚህም አለሽ?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ርቀቱ አላነሣችም።

የገንዘቡን ጉዳይ ያየነው ከሁሉ በኋላ ነው፤ መቅደም ነበረበት። ማታ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የላኩልንን የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ዘርግተን፣ የማይመለሰውን ስጦታ በአረንጓዴ፣ ብድሩንና ተማሪዋ ሠርታ የምታገኘውን በቀይ አሰመርንበት። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል፤ ብድርም «ድጋፍ» ተብሎ ይደመራልና። ቀዩን ትተን ከሙሉው ወጪ ላይ አረንጓዴውን ብቻ ስናነሣ፣ የቀረው የየዓመቱ ክፍያ መጀመሪያ ካሰብነው እጅግ የተለየ ሆነ።

ልጃችን ኖትር ዴምን መርጣ ማስያዣውን ከፍለናል። ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በሚመጣው ዓመት ሜይ 1 ከመድረሱ በፊት፣ የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ ጉዳዩን በሚያውቅ ሰው በአማርኛ አስጽፋችሁ ብታወጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ