በሬ የሌለበት መንደር

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ጣና ዳር ያለው ዘጌ ሄጄ እንደነበር በስልክ ስነግርዎት «በሬያቸው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎት ቀረሁ። አባባ፣ ዘጌ በሬ የለም። አይታረስም።

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ዳር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ታንኳዎችን ነው። የደንገል ስለሆኑ ውኃ ይጠጣሉ፤ ካልደረቁ ይከብዳሉ። ከዚያ ሽቅቡ ሁሉ ጫካ ነው። ጫካ አልኩ እንጂ የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ ቡና፣ መሐል መሐሉን ጌሾ። የአንዱ ይዞታ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር እኔ መለየት አልቻልኩም። እነሱ ግን ድንበሩን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጊዜው የለቀማ ስለሆነ በየደጁ ቀይ ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቷል።

አንድ አዛውንት መንገድ መሩኝ። የእርስዎን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። የጥንቱ ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም ምድሩ እንዳይታረስ ገዝተዋል፣ ቡናውና ጌሾውም ከእሳቸው በትር የበቀለ ነው አሉኝ። እህሉን ቡና ሽጠው ይገዛሉ። «ቡናው ካልያዘስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልደበቁኝም፤ እንደዚያ ያለ ዓመት ይጨንቃል አሉ።

እኔም እንደ እርስዎ ጎንበስ ብዬ አፈሩን ዘገንኩት። ጥቁር ነው፤ ልል፣ ቅጠል ቅጠል የሚሸት። ዳገቱ ያን ያህል ቀጥ ብሎ በሄድኩበት ሁሉ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ አላየሁም። የእኛ የላይኛው ማሳ ትዝ አለኝ። ነሐሴ በመጣ ቁጥር አፈሩ በቀይ ጎርፍ ሲሄድ፣ እርስዎ ዝናብ እየወረደብዎት እርከን ሲክቡ። የእኔ ሥራ ድንጋይ ማቀበል ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሚናደዱ አይገባኝም ነበር። ዘጌ ላይ ያንን አፈር በእጄ ይዤ ቆሜ ገባኝ። ብዙ ቆምኩ፤ አዛውንቱም ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረትንም ተሳለምኩ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። ለእማዬ ይንገሩልኝ፣ እንደ ክብራን ገብርኤል አይደለም፣ እዚህ ሴቶችም ይገባሉ። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ፣ ማለትም ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ግን ዘጌዎች ጫካቸውን መጠበቅ የጀመሩት ከዚያ በፊት፣ ስንትና ስንት ትውልድ ቀድመው ነው።

ለፋሲካ ስመጣ ሁለታችሁንም ይዣችሁ ብመለስ ደስ ይለኛል። ከጀልባው እስከ ዑራ ያለው መንገድ ዳገትና ድንጋያማ ነው። ምርኩዝዎን ይዘው፣ እያረፍን፣ ቀስ ብለን እንወጣለን። ያን አፈር እርስዎ ዘግነው ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ከአዛውንቱ የገዛሁትን ቡና ለእማዬ በመንገደኛ ልኬያለሁ። ጉልበትዎ ዳገት ይችል እንደሆነ ይላኩብኝ።

ልጅዎ