መድረኩ ለልጄም ይድረስ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በጅማ ከተማ በእንጨት ሥራ የምተዳደር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ መካከለኛው ልጄ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም የሚባለው፣ ንግግርንና ከሰው መግባባትን የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ አለበት። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤት የወላጆች በዓልም ሆነ በአዳራሽ የሚቀርብ የልጆች ቴአትር፣ እንደ እሱ ላሉ ልጆች ተመቻችቶ የሚታይበት ሰዓት ይኑረው።

እንዲህ ያለ ልጅ ጥበብ ምን ያደርግለታል የሚል ካለ ወደ ሥራ ቤቴ ይምጣ። አዲስ የዋንዛ ጣውላ ሲገባ ልጄ ጆሮውን ለጥፎ በጣቱ ያንኳኳዋል። ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ድምፁ ደስ ያለው ላይ ሲደርስ ይቆምና ምት ይጀምራል። ምቱ ዝንፍ አይልም። ጎረቤት ሠርግ ሲኖር ሴቶቹ ማታ ከበሮ ሲመቱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያመሻል። በሠርጉ ዕለት ግን ሞንታርቦ ይደረደራል። ያኔ ጆሮውን ይዞ እየጮኸ ይሮጣል። ዘፈኑ ያው የማታው ዘፈን ነው። ልጁን የሚያሰቃየው የድምፁ ከልክ ማለፍ ነው።

ዓምና ለወላጆች በዓል ከሚማርበት ትምህርት ቤት "እንግዶች ስላሉ ለዛሬ ቤት ብታቆዩት" ተባልን። በክፉ ልብ አይመስለኝም፤ ይረብሻል ብለው ፈርተው ነው። ልምምዱን ግን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲያይ ከርሟል። በበዓሉ ቀን እኔ ጋ ዋለ። በብርጭቆ ወረቀት የበርጩማ እግር ሲያለሰልስ ቆየና ድንገት "ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ፣ ሁለት" አለ። የመምህሯን "ሰልፍ ያዙ!" እንኳ አላስቀረም። ከዚያ መዝሙሩን ከነአዝማቹ ከዳር እስከ ዳር ወጣው። ውኃ ሲጠማው እንኳ እጄን ጎትቶ የሚያሳየኝ ልጅ ነው። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ይህ ነገር በሌላ አገር መላ አግኝቷል። በኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተመቻቸ የመድረክ ትርዒት ታይቷል። በእንግሊዝም ብዙ ቴአትር ቤቶች ይህንኑ ያደርጋሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። መብራቱ ጭራሽ አይጠፋም፣ ደብዘዝ ይላል። ድምፁ ይቀነሳል፤ የሚያስደነግጥ ነገርም ይለዝባል። በሩ ክፍት ነው። የተነሳ ወይም የጮኸ ልጅ አይገሠጽም። ሲበዛበት ወጥቶ የሚረጋጋበት ክፍል አለ። አዳራሹንና ተዋንያኑን የሚያሳዩ ፎቶዎችም ቀደም ብለው ለወላጅ ይላካሉ፤ ልጁ ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ጅማ ላይ የማይቻለው የቱ ነው? ፎቶ እንደሆነ በቴሌግራም ይላካል። ድምፅ መቀነስም ወጪ የለውም።

ከተማችን ውስጥ ማንም ሳያስተምረው ይህን የገባው ሰው አለ። ፀጉር ማስቆረጥ ለእኛ ቤት መከራ ነበር። የቶንዶሱ ድምፅ ገና ሲሰማ ልጁ ከወንበሩ ይወርዳል። አንድ የሰፈራችን ወጣት ፀጉር አስተካካይ "ጋሼ፣ ጠዋት ስከፍት ይዘውት ይምጡ፤ ሰው የለም፣ ሙዚቃም አልከፍትም" አለኝ። በመቀስ ነው የሚቆርጥለት። መጀመሪያ ማበጠሪያውን ያስይዘዋል። "አሁን በቀኝ ጆሮህ በኩል ነኝ፣ ቀጥሎ በግራ" እያለ አስቀድሞ ይነግረዋል። ሲደክመው ያሳርፈዋል። እግዜር ይስጠው፣ ልጄ አሁን ራሱ እየቀደመኝ ይሄዳል።

ሁሉም ሰው እንደዚህ ፀጉር አስተካካይ አይደለም። ታክሲ ውስጥ "አሳዳጊ የበደለው" ተብለናል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ውላ ማታ ታለቅሳለች፤ ገበያ ይዛው መውጣትም እየተወች ነው። ብዙ እናቶች እንዲሁ ልጃቸውን ይዘው ቤት ቀርተዋል። በአገራችን ይህን ዝምታ ከሰበሩት አንዷ ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ግን አዲስ አበባ ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለሣምንት ሥራዬን ዘግቼ ልጄን ይዤ ልመላለስ አልችልም።

መብቱም በወረቀት አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 በባህል ሕይወት እኩል ስለመሳተፍ ይናገራል፤ ቴአትርንም ስሙን ይጠራል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች አሉት። እነሱ ለመምህራንና ለተዋንያን ግማሽ ቀን ምክር ቢሰጡ ብዙ ነገር ይቀየራል። ጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ለእነዚህ ልጆች በጸጥታ የሚጎበኝበት አንድ ማለዳ ቢመድብ ደስታዬ ነው። የእንጨት ሥራው ልጄን እንዴት እንደሚያስደስተው ከወዲሁ ይታየኛል።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ይመጣል። አንድ ትምህርት ቤት ወይም የቴአትር ቡድን ልሞክረው ካለ፣ በሩ አጠገብ የሚደረደሩ ዝቅ ያሉ በርጩማዎችን ከራሴ እንጨት ሠርቼ በነጻ አመጣለሁ። ልኩንና ብዛቱን ብቻ ቀደም ብለው ይንገሩኝ።

አክባሪያችሁ፣
የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ ከጅማ