የዳንስ ክበብ ዘገባ፦ ሙዚቀኞቻችንን ይዘን የተጓዝንበት ዓመት

የዳንስ ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከግቢያችን ወጥቶ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ትርኢት አሳይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ጀምረን ቢሾፍቱና አዳማ ደርሰናል። ስምንት ዳንሰኞችና አራት ሙዚቀኞች በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ተጓዙ። ገሚሶቹ ባሌት የሚማሩ፣ ገሚሶቹ በባህል ውዝዋዜ ያደጉ ልጆች ናቸው።

መስከረም ላይ ሁሉም የሚጠይቀው "ምን እንሥራ?" ነበር። ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ ያዩዋቸውን ትልልቅ ባሌቶች ዘርዝረው መጡ። አርባ ሰው መድረክ ላይ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ ከመድረኩ ሥር። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሌላ ነገር እንዲመልሱ ጠየቅኳቸው። ማን ይጫወትልናል? አውቶቡሱ ላይ ምን መሣሪያ ይጫናል? ዳንሱን ከዚያ ተነስተን እንመርጣለን አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ከዚህ አልተነቃነቅኩም።

በፍላሽ የሚመጣ ሙዚቃ ወጪ የለውም፣ ለመያዝም ይቀላል። ግን ዳንሰኛዋን አያያትም። ወለሉ አዳልጧት ይሆናል፤ ደክሟት ይሆናል፤ ዛሬ ከሌላው ቀን ከፍ ብላ ዘላ ይሆናል። ሙዚቀኛ ካለ ያያታል፤ እግሯ መሬት እስኪነካ ግማሽ ትንፋሽ ይጠብቃታል። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

በጥቅምት ወር ትናንሽ ቡድኖች በሌሎች አገሮች እንዴት እንደሠሩ አብረን አነበብን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪ ስዊዘርላንድ ውስጥ ነበር። ገንዘብም ቲያትር ቤትም ሲጠፋ፣ ከመንደር መንደር ሊዞር የሚችል ሥራ አሰበ። ተራኪ፣ ጥቂት ተዋንያን፣ ዳንሰኛና ሰባት ሙዚቀኞች ብቻ። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1918 ሎዛን ውስጥ ታየ። ጉዞውን ግን የዚያን ዓመት የኅዳር በሽታ አስቀረው። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ የእንግሊዙ ሳድለርስ ዌልስ ባሌት ያለ ኦርኬስትራ፣ በሁለት ፒያኖ ብቻ አገሩን ዞሯል። ከሁለቱ ፒያኒስቶች አንዱ የሙዚቃ ዳይሬክተሩ ኮንስታንት ላምበርት ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮፕላንድ ለዳንስ ፈጣሪዋ ለማርታ ግራሃም ባሌት ሙዚቃ ሲጽፍ ለ13 ተጫዋቾች ብቻ ጻፈ፤ የዋሽንግተኑ አዳራሽ ጠባብ ነበርና። በኋላ ለትልቅ ኦርኬስትራ አስፍቶታል። ልጆቹ ሁለቱንም ሰሙ። አብዛኞቹ የ13ቱን መረጡ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። እያንዳንዱ መሣሪያ እንደ ሰው ድምፅ ተለይቶ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ቀለለን። መክፈቻው በፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ በሾፐን የፒያኖ ሙዚቃ የተሠራ አጭር ዳንስ ሆነ። ሐሳቡን ያገኘነው ሩሲያዊው ዳንስ ፈጣሪ ፎኪን ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1909 ፓሪስ ላይ ከታየው ባሌት ነው። ያ ባሌት ታሪክ የለውም፤ ስሜት ብቻ ነው። ታሪክ የሌለው ዳንስ ቢያጥርም አይጎድልም፣ ለትንሽ ቡድን ይመቻል። ዝላይ ግን ቀነስን። የብዙ ትምህርት ቤት አዳራሽ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ደጋግሞ መዝለል ጉልበትና ቅልጥም ይጎዳል። በጣት ጫፍ መቆምንም ጨርሶ አወጣነው። ቅር ያላቸው ልጆች ነበሩ። እግራቸው ይበልጥብኛል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ሁለተኛው ሥራ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሙዚቃ መረጥን። የእማሆይ አጨዋወት ይተነፍሳል፤ ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይፈጥናል። እስከ ስምንት እየቆጠሩ መደነስ የለመዱ ልጆች ግራ ገባቸው። ቁጥሩን ትተው የፒያኖ ተጫዋቿን እጅ ማየት፣ እሷም የእነሱን ትከሻ ማየት ነበረባት። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ማንም በፍላሽ እናድርገው ብሎ አልጠየቀም።

በሁለቱ መካከል ዋሽንትና ክራር ብቻቸውን ይጫወታሉ። ለጌጥ ብቻ አይደለም። ስምንቱም ልጆች በሁሉም ዳንስ ውስጥ ስላሉ ልብስ የሚቀይሩበትና ውኃ የሚጠጡበት ጊዜ ያስፈልጋል። ክራሩን ፒያኖውን ከምንጫወትበት ኪቦርድ ጋር መቃኘት ይቻላል። የዋሽንት ድምፅ ግን ከተበሳ በኋላ አይቀየርም። ስለዚህ ተጫዋቹ ቁመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። አዳማ ላይ ሙቀቱ የማሲንቆውን ቆዳ ወጠረው፣ ቅኝቱም ወጣ። እንደገና ለመቃኘት ጊዜ ያገኘነው ቀደም ብለን ስለደረስን ነው።

በአንዱ ትምህርት ቤት የሾፐኑ ዳንስ መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ። ዋሽንት ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው ከመድረኩ ጥግ ጀመረ፣ ክራሩ ተከተለው። ልጆቹ እጃቸውን ቀስ ብለው አውርደው ወጡ። ተመልካቹ የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ በቀጥታ ወደ መዝጊያው ጉራጌኛ አለፍን። ለሱ ከበሮና ማሲንቆ ይበቃል።

ጉራጌኛው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሆነው በምክንያት ነው። አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባ ደግሞ ይፈጥናል። ከበሮ መቺያችን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሕዝቡን ተከትላ ብትሮጥ ዳንሰኞቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ምቱን ይዛ ሕዝቡን ወደ ራሷ ስትመልስ ማየት ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ደስታ ነበር።

አልባሳት የሰፉልንን እናቶች፣ በየጉዞው ምሳ የቋጠሩልንን ወላጆችና ቅዳሜያቸውን የሰጡንን ሾፌራችንን ከልብ እናመሰግናለን።

ፒያኖ ተጫዋቻችንና ማሲንቆ ተጫዋቻችን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰዋል። የሚቀጥለውን ዓመት ትርኢት የምንመርጠው ማን እንደሚተካቸው ካወቅን በኋላ ነው። መሣሪያ የምትጫወቱ፣ ገና ጀማሪም ብትሆኑ፣ በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት በኋላ ወደ አዳራሹ ኑ። መሣሪያችሁንም ይዛችሁ።