ጂኑ ሙሉ ሆኖ ዓይን የሚታመምበት ጊዜ አለ

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ዳፍንት በጤና አምዳችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ የቫይታሚን ኤን ነገር በሚገባ አስረድቷል። በዘር የሚመጣውን ዳፍንት ግን የጂን ብልሽት ነው ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። የጂን ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ቤተሰቡ አይስጋ የሚለው ምክሩ ደግሞ ሰው ያሳስታል። የዚህን ምክንያት ለማስረዳት ነው መጻፋችን።

ሬቲና በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ነው፤ ሮድ በሚባለው የሬቲና ህዋስ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ፕሮቲን ሮዶፕሲን ነው። የሮዶፕሲን ጂን በጉበታችንም በቆዳችንም ህዋሳት ውስጥ አለ፤ እዚያ ግን አይነበብም። ጂን የሚነበበው አጠገቡ ባለው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ሲያርፉ ነው። አምፖሉ ደህና ሆኖ ማብሪያ ማጥፊያው ከተበላሸ ክፍሉ ይጨልማል፤ አንዳንድ የዓይን ሕመምም እንዲህ ነው።

የሰው ሬቲና ከ90 ሚሊዮን በላይ ሮድ ሲኖረው ኮኖቹ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ቢሆኑ ነው። ሮድ ለጨለማ፣ ኮን ለቀንና ለቀለም ነው። የሁለቱም መነሻ አንድ ዓይነት ጀማሪ ህዋስ ነው። ኦቲኤክስ2 እና ሲአርኤክስ የተባሉ ፕሮቲኖች ህዋሱን ለብርሃን ተቀባይነት ያሰናዱታል፤ መንገዱን የሚለየው ግን ኤንአርኤል የተባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ነው። ኤንአርኤል ካለ ሮድ ይሆናል፣ ከሌለ ኮን። ኤንአርኤል ከሲአርኤክስ ጋር ተጋግዞ የሮዶፕሲን ጂን እንዲነበብ ያደርጋል፤ ኤንአር2ኢ3 የተባለውን ሌላ ተቆጣጣሪም ያስነሳል። እሱ በበኩሉ የኮን ጂኖችን ዝም ያሰኛል። በ2001 በታተመ ጥናት ኤንአርኤል የሌላቸው አይጦች አንድም ሮድ አልነበራቸውም፤ ሬቲናቸው ለሰማያዊ ብርሃን በሚመልሱ ኮን መሰል ህዋሳት ተሞልቶ ነበር። የሮዶፕሲን ጂናቸው ግን አንድ ፊደል አልጎደለበትም። ሰው ላይም ኤንአር2ኢ3 ሲበላሽ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጨለማ ማየት ይቸግረዋል፣ ሬቲናው ለሰማያዊ ብርሃን ግን ከልክ በላይ ምላሽ ይሰጣል። መጠንም ለብቻው ጣጣ አለው፦ አይጥ ላይ ሮዶፕሲን ከመጠን በላይ ሲመረት ሮዱ ራሱ ይሞታል።

ለእናንተ ጽሑፍ ዋናው ማስረጃ ያለው ግን ኮን ላይ ነው። የቀይና የአረንጓዴ ብርሃን ተቀባይ ጂኖች ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ያለች አጭር የዲኤንኤ ክፍል በእያንዳንዱ ኮን ውስጥ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ታስነሳለች። ይህች ክፍል ተቆርጣ ከጠፋች ሁለቱም ዝም ይላሉ። እንዲህ ያለው ወንድ ልጅ በሮድና በሰማያዊ ኮን ብቻ ይቀራል፤ እይታው ይደክማል፣ ብርሃን ያስቸግረዋል፣ ብዙ ጊዜም ዓይኑ ይርገበገባል። ሁለቱን ጂኖች ብቻ ያነበበ ላቦራቶሪ ሙሉ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ቤተሰቡም ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ኤክሶም የሚባለው ምርመራም ቢሆን የሚያነበው ከጠቅላላው ዲኤንኤ 1 ወይም 2 በመቶውን፣ ያውም በአመዛኙ ፕሮቲን የሚሠራውን ክፍል ነው። ስለዚህ ውጤቱን የሚቀበል ወላጅ ተቆጣጣሪ ክፍሎችና ትልልቅ የዲኤንኤ መቆረጦች ታይተው እንደሆነ ይጠይቅ። የእናትና የአባት ደም ከልጁ ጋር አብሮ ቢላክ ይመረጣል፤ ደሙም ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ብልቃጥ ይቀዳ። አረንጓዴ ክዳን ባለው ውስጥ ያለው ሄፓሪን ዲኤንኤ የማባዛቱን ሥራ ያደናቅፋል።

ከደሙ በፊት ግን ኢአርጂ፣ ማለትም ሬቲና ለብርሃን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካው ምርመራ ቢቀድም ጥሩ ነው። ታማሚው መጀመሪያ 20 ደቂቃ ሙሉ ጨለማ ውስጥ ይቆያል፤ በደካማ ብልጭታ የሮዱ ምላሽ ይለካል። ኮኑ ደግሞ በብርሃን፣ በሴኮንድ 30 ጊዜ በሚያርገበግብ ብልጭታ ይፈተናል፤ ሮድ ያንን ፍጥነት አይከተልም። ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መሣሪያው አይደለም፤ በበር ሥር የሚገባ ብርሃን፣ የአስታማሚ ስልክ፣ ወይም የዓይን ፎቶ አስቀድሞ መነሳት ነው። ፎቶ ከተነሳ ወደ ጨለማው ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ በተለመደ የክፍል ብርሃን ይቆይ፤ አለዚያ ጤነኛ ሮድ የታመመ ይመስላል።

ቫይታሚን ኤ ለማግኘት የሚመከሩትን ካሮትና ጎመን አንቃወምም። ሮዶፕሲን ያለ ቫይታሚን ኤ አይሠራም፤ ችግሩ እጥረት ከሆነ በቂ መጠን የተሰጠው ልጅ በቀናት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በላይ ለሆኑ ሕፃናት 200,000 ዩኒት በመጀመሪያው ቀን፣ በማግስቱና ከ2 ሳምንት በኋላ እንዲሰጥ ያዛል፤ ከ6 እስከ 12 ወር ላሉት ግማሹ ነው። እርጉዝ ልትሆን ለምትችል ሴት ግን ይህ መጠን ለፅንሱ አደገኛ ነው። ከተሰጠ በኋላ ለውጥ ከሌለ መጠኑን መደራረብ ጉበት መጉዳት ነው፤ ያኔ ወደ ኢአርጂው መሄድ ይሻላል። የከተማችን ወላጆች በቀላሉ የማያስተውሉትም አንድ ነገር አለ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ መንገዱ በመብራት ተጥለቅልቋል፤ ልጁ ማታም በኮኑ እያየ ይሄዳል። ችግሩ የሚታየው መብራት ሲጠፋ፣ ደረጃ ላይ ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ የመጨረሻውን አንቀጽ ብታርሙት፣ ንጹሕ ነው በሚለውም ፈንታ በተነበበው ክፍል ላይ ችግር አልተገኘም ብትሉ እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ሕይወትና የዓይን ሕክምና መምህራን
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ