ባለቤት አልባ የጨረር ምንጮችን በተመለከተ ለጨረር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣

የካንሰር ጨረር ሕክምና ክፍል ፈቃድ ሲጠይቅ የግድግዳው ውፍረት ይለካል፣ የባለሙያዎቹ ብቃት ይመረመራል። ተገቢ ነው። በጎያኒያ ሰው የገደለው ግን ሥራ አቁሞ የተተወ መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ በዚያች የብራዚል ከተማ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ተቋም ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ሲዚየም 137 በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሠራውን መሣሪያ ለተቆጣጣሪው ሳያሳውቅ ትቶት ሄደ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987 ሁለት ሰዎች የምንጩን መያዣ ነቅለው ወሰዱ፣ ንጥረ ነገሩ የታሸገበትን ካፕሱል ቀደዱ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም ሸጡት። ውስጡ 93 ግራም ገደማ የሲዚየም ክሎራይድ ነበር፤ 50.9 ቴራቤክረል፣ ማለትም በየሰከንዱ 50.9 ትሪሊዮን አቶሞች ጨረር እየረጩ የሚፈራርሱበት መጠን። ነገሩን ያከፋው ጨው መሆኑ ነው፤ ይፈረፈራል፣ በውሃ ይሟሟል፣ ከእጅ ወደ ልብስና ወደ ምግብ ያልፋል። በጨለማ ሰማያዊ ስለሚያበራም የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን ፍርፋሪ ዘመድ አዝማድ ተከፋፈለው።

ከ16 ቀን በኋላ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ የተዋሰውን መለኪያ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሲከፍተው ንባቡ ጣሪያ ነካ፤ ወዴትም ቢያዞረው አልወርድ አለ። ተበላሽቷል ብሎ ሌላ አመጣ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የ6 ዓመት ሕፃን ነበረች። 112,000 ያህል ሰው ተመርምሮ 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ።

ይህን ኃይል ለሕክምና ያበረከትነው እኛው የፊዚክስ ሰዎች ስለሆንን ከሕክምናው በኋላ ስለሚሆነውም መናገር ግዴታችን ነው። «ምንጩ ደክሟል» የሚለው አነጋገር አደገኛ ነው። ሌላው ለጨረር ሕክምና የሚውለው ንጥረ ነገር፣ ኮባልት 60፣ ግማሽ ዕድሜው (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 5.27 ዓመት ነው። በ200 ቴራቤክረል የጀመረ ምንጭ ከ10 ዓመት በኋላ ወደ 54 ይወርዳል። ለሐኪሙ የሕክምናውን ሰዓት ያራዝምበታል፣ ስለዚህ ወደ መጋዘን ይገባል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ግን ከ30 ቴራቤክረል በላይ የሆነ ኮባልት 60ን የሚመድበው በመጀመሪያው፣ እጅግ አደገኛ በሆነው ምድብ ነው።

ስለዚህ ምንጩን ወደ አምራቹ የመመለሻው ወጪ ፈቃድ በሚሰጥበት ቀን በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ተቋሙ ከከሰረ በኋላ የሚከፍል አይገኝም። መዝገቡ የምንጩን መለያ ቁጥር፣ የንጥረ ነገሩን ዓይነት፣ መጠኑንና የተለካበትን ቀን ይያዝ፤ ተቆጣጣሪው በየዓመቱ ቦታው ድረስ ሄዶ በመለኪያ ያረጋግጥ። የብረት ማቅለጫዎች በር ላይ የጨረር መመርመሪያ ይተከል። ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች የካፕሱሉንና እርሳስ ከተባለው ከባድ ብረት የተሠራውን መያዣ ሥዕል ይወቁት፤ ካገኙም ሳይነኩ ይራቁ። ከ1 ሜትር ወደ 10 ሜትር መራቅ ብቻ ጨረሩን መቶ እጥፍ ይቀንሳል። ሐኪሞችም እሳት ሳይነካው እጁ የተቃጠለና የሚያስመልሰው ሰው ሲመጣ ስለ ጨረር ይጠይቁ።

አቅም ባለበት፣ መብራት ሲጠፋ ጨረሩም ወዲያው የሚቆምበት ሊኒየር አክስለሬተር (በኤሌክትሪክ ጨረር የሚያመነጭ የሕክምና መሣሪያ) ይመረጥ። እስከዚያው ከመዝገብዎ ውስጥ ባለፉት 12 ወራት ማንም በዓይኑ ያላያቸውን ምንጮች ለይተው፣ ፍተሻውን ከእነርሱ እንዲያስጀምሩ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ ባለሙያዎች