ቆርቆሮውን ቀይሩ፣ እንጨቱን ግን አትንኩ ለተባልንበት ቤት

ለወረዳችን የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የበሰበሱ የጣሪያ ወራጆችን ለመጠገን ፈቃድ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ፣ ሰባት አባወራ ግድግዳ ተጋርተን ከምንኖርበት የቀበሌ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት አንዱ ነው። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ ሲገቡ የእኛም አብሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ሳፋ የሚደቅነው ግን ተከራዩ ነው።

ባለፈው ክረምት ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው ኮርኒስ ውሃ ቋጥሮ ሆድ አወጣ። መስከረም ሲጠባ አቡጀዲውን ቀደድነው። የሰፈራችን አናጢ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ወራጁ፣ ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ አጣና ማለት ነው፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ጫፍ በካቻቢቴ ጫን ቢያደርገው እስከ እጀታው ገባ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ስቦ ሲያወጣው የቡና አተላ የመሰለ እርጥብ ብናኝ እናቴ ትራስ ላይ ረገፈ። ከአሥራ አንዱ ወራጅ አምስቱ እንዲህ ናቸው። ወገባቸው ግን ደህና ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ይጮሃል። የተበላው አሸንዳው ተቀዶ ውሃ የሚመልስበት ጫፍ ብቻ ነው። እንጨት ዝናብ ስለነካው አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው መድረቂያ ሲያጣ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ፈንገስ ይገባበታል። የእኛ አጣና ደግሞ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ታፍኖ ከሰኔ እስከ መስከረም እንደራሰ ይከርማል።

ፈቃድ ልጠይቅ ስመጣ ያነጋገረኝ ሠራተኛ በትሕትና ነው የመለሰልኝ፤ ይህን አልክድም። «ቆርቆሮ መቀየር ጥገና ነው፣ ይቻላል። እንጨት ከነካችሁ ግን ግንባታ ነው፤ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ተይዟል» አለኝ። እንግዲህ ቆርቆሮ የሚመታው እንጨት ላይ ነው። ባለቆብ ሚስማር የሚነክሰው ካጣ፣ አዲሱን ቆርቆሮ የመጀመሪያው የሐምሌ ነፋስ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ይጥለዋል፤ እዚያ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ።

የምንጠይቀው ክፍል ለመቀጠል አይደለም። የቤቱ ቁመትም ስፋትም አይነካም። የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ ይወጣል፤ በጎኑ ደረቅ አጣና ተደርቦ፣ ደህናውን እንጨት ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ይዞ በብሎን ይታሰራል። አሸንዳው ይቀየራል። አለቀ። እንጨቱን ከአጣና ተራ ራሳችን እንገዛለን፤ ለአናጢውም ሰባታችንም አዋጥተናል። ቤቱ ነገ ለልማት ቢነሳ ለዚህ ጥገና ካሳ አንጠይቅም ብለን እንፈርማለን። ልማቱ እኛ ጋ መቼ እንደሚደርስ የነገረን የለም። ሰኔ ሊገባ ግን ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

ስለዚህ ከመከልከልዎም ከመፍቀድዎም በፊት አንድ ባለሙያ ይላኩልን። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ኮርኒሱን እንደቀደድነው ትተነዋል፤ እንጨቱ ከታች ይታያል። መሰላል ከጎረቤት እንዋሳለን፣ ካቻቢቴው እኛ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰባቱ አባወራ ተወካይ